ወንዙን ከአናቱ ጀምራችሁ እወቁት፦ ለአዲስ አበባ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ካሳለፍኩበት የውሃ ምህንድስና ሙያ ለእናንተ ላወርሰው የምሻው ምክር አንድ ነው፤ በምትማሩበት፣ በምትሠሩበትና በምትኖሩበት ስፍራ ሁሉ የዝናቡ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ ስለዚያ ስፍራ አንዳች ነገር አትወስኑ። ይህ ምክር የውሃ ባለሙያ ለመሆን ላሰባችሁት ብቻ የታሰበ አይደለም። ቤት ለሚሠራውም፣ መንገድ ለሚነድፈውም፣ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ሱቅ ለሚከፍተውም፣ ነገ በምክር ቤት ተቀምጦ በጀት ለሚያጸድቀውም ጭምር ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ስትሄዱ መጀመሪያ ግንፍሌን፣ ቀጥሎም ቀበናን ትሻገራላችሁ። አብዛኛው ሰው ወንዝ ሲባል ትዝ የሚለው ከድልድዩ ሥር የሚታየው ጠባብ የውሃ መስመር ነው። እኛ በሙያው ያለን ግን ወንዙን ውሃ ከሚያዋጣለት መሬት ሁሉ ጋር አንድ አድርገን እናየዋለን፤ ያንንም መሬት ተፋሰስ እንለዋለን። ወሰኑን የሚያበጀው የመሬቱ ከፍታ ነው። በቤት ጣራ አናት ላይ የወረደ ዝናብ ግማሹ ወደ ፊት ለፊት፣ ግማሹ ወደ ጓሮ አሸንዳ እንደሚወርድ ሁሉ፣ በእንጦጦ አናት የዘነበውም ለሁለት ይከፈላል። ወደ ሰሜን የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። ወደ ደቡብ የወረደው ደግሞ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተ ይቀጡና በሌሎች ጅረቶች አድርጎ ከተማችንን አቋርጦ አቃቂን፣ በአቃቂም በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ወንዝ የጣልነውን ነገር ባሕር ወስዶ አይገላግለንም፤ መድረሻው የወገኖቻችን እርሻ፣ ከብትና የመጠጥ ውሃ ነው።

አሁን ወደ ከተማው መሀል ልመልሳችሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ 3,000 ሊትር ያወርዳል፤ ይህም ባለ 3,000 ሊትር ሮቶ የሚሞላ ውሃ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፈር ላይ ሲሰላ 30 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይህ ውሃ ሣርና ዛፍ ባለበት፣ አፈሩም ባልተረገጠበት ቦታ ቢያርፍ ከፊሉ በቅጠል ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ወደ ምድር ይሰርጋል፣ የሰረገውም ቀስ እያለ ተጉዞ ከወራት በኋላ በምንጭና በጉድጓድ ይወጣል፤ በበጋ ወንዝ ደርቆ እንዳይቀር የሚያደርገውም ይኸው ነው። በቆርቆሮ፣ በኮንክሪትና በአስፋልት ላይ ካረፈ ግን የሚሰርግበት ቀዳዳ ስለማያገኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦና ወደ ወንዝ ይሮጣል። ጎርፉ በክረምት የሚበረታውም፣ ጉድጓዱ በበጋ የሚጎድለውም በዚሁ አንድ ምክንያት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ብዙ ጊዜ ሁለቱን እንደ ተለያዩ ችግሮች ቆጥረን ለየብቻ በጀት ስንመድብላቸው ሳይ በጣም አዝናለሁ።

የመሬቱ ቁልቁለት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ከእንጦጦ አናት እስከ መስቀል አደባባይ በቀጥታ 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ መሬቱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሳ ጅረቶቻችን አጭርና ፈጣን ናቸው፤ ላይኛው ሰፈር ላይ በኃይል ሲዘንብ፣ ታች ፀሐይ እያለ እንኳ ውሃው ድንገት ሊሞላ ይችላል። በክረምት ከወንዝ ዳር የምትቆሙ ሁሉ ይህን አትዘንጉ።

በግንፍሌ ወይም በቀበና ድልድይ ስታልፉ ከውሃው ከፍ ብላችሁ የዳርቻውን ቁጥቋጦ ተመልከቱ። ከቅርንጫፎቹ ላይ የተጠላለፈ ፌስታል፣ የጨርቅ ቁራጭና ደረቅ ሣር ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ያ ነው። የድንጋይ ግንብ ካለም የጭቃው መስመር እስከ የት እንደ ደረሰ ይታያል። እኛ ባለሙያዎች የመለኪያ ጣቢያ በሌለበት ቦታ የጎርፍን መጠን ለመገመት ከምንጠቀምባቸው መረጃዎች አንዱ ይኸው ምልክት ነው። ከዚያ ምልክት በታች የተሠራ ቤት ካያችሁ፣ ያ ቤት የቆመው በወንዙ አልጋ ውስጥ ነው፤ ወንዙ በበጋ ስለ ሸሸ ቦታውን የለቀቀ መስሎ መታየቱ ማንንም ሊያታልል አይገባም።

ወደ ላይኛው ተፋሰስ ስትወጡ የባሕር ዛፍ ደን ታገኛላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው ያስመጡት ይህ ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ታድጓታል፤ ይህ ውለታው ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ያለውን መሬት እዩት። የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ተወስዷል፣ ሣርም እምብዛም አይበቅልበትም፣ የዝናቡ ጠብታ የሚመታው ራቁቱን የቀረ ጠንካራ አፈር ነው፤ የዛፎቹም ሥር አፈሩ ስለተሸረሸረ ከመሬት በላይ ወጥቶ ይታያል። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ የሆነ ተራራ ውሃ በሚገባ ያሰርጋል ማለት አይደለም። ይህን ስል ያንን ከባድ የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ይዘው የሚወርዱትን እናቶች መውቀሴ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ሳይገኝላቸው ተፋሰሱ ይድናል ብዬ አላምንም። እንደ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎች መመለሳቸው፣ በዳገቱ ላይ እርከን መሠራቱ፣ በቦረቦሩ ውስጥም የውሃውን ሩጫ የሚያዘገይ ክትር መደርደሩ የሚጸናው የአካባቢው ሰው ከሥራው ሲጠቀም ነው።

እኛ የመሀል ከተማ ሰዎች ደግሞ በአንድ ጊዜ የታችም የላይም ነን። የምንጠጣውን ውሃ በተመለከተ ከታች ያለነው እኛ ነን፤ በለገዳዲ፣ በድሬና በገፈርሳ ግድቦች የሚጠራቀመው ውሃ የሚመጣው ከከተማው ውጭ ካለው የአርሶ አደር መሬት ነው፣ ከዚያ ማሳ የታጠበ አፈርም ወደ ግድቡ ገብቶ ደለል ይሆናል፣ ውሃውን ለማጣራት የሚወጣውንም ወጪ ይጨምራል። የምንጥለውን ቆሻሻ በተመለከተ ግን ከላይ ያለነው እኛ ነን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራው ይህ ግድብ ከከተማ በወረደ ደለል ተሞልቷል፣ በቆሻሻው የሚፋፋው የእንቦጭ አረምም ውሃውን ይሸፍነዋል። ከዚያ በታች የቆቃ ግድብ አለ፤ ከቆቃ በታች ደግሞ የመጠጥ ውሃዋን ከአዋሽ የምትቀዳው አዳማ አለች። ይኸው ውሃ ዞሮ ወደ እኛም ይመለሳል፤ በአቃቂ ወንዞች ዳር በመስኖ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በገበያችን ይሸጣል፣ በውሃውም ውስጥ ከቆዳ ፋብሪካዎች የወጣ ክሮሚየምን የመሰለ ከባድ ብረት መኖሩ በተደጋጋሚ በጥናት ተረጋግጧል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወንዞቻችን ዳርቻ መናፈሻ መሠራቱ ደስ ያሰኘኛል፤ ወንዙን ጀርባ ሰጥቶ የኖረ ከተማ ፊቱን ወደ እሱ ማዞሩ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዳርቻው የተፋሰሱ የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ከላይ ያለው ሰፈር ፍሳሽ ማስወገጃ መስመር ከሌለው፣ የመጸዳጃ ቤቱም ቱቦ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ከተለቀቀ፣ በአበባ ያጌጠው ዳርቻ ሽታውን አያስቀረውም። እናንተ መሐንዲስ ወይም አርክቴክት ሆናችሁ በወንዝ ዳር ሥራ ሲሰጣችሁ፣ ከላይ ያለውን እንድታዩ የሚያስችላችሁ ጊዜና በጀት በውሉ ውስጥ እንዲካተት ጠይቁ።

ለመጀመር ግን ሥራ እስኪሰጣችሁ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። በበጋ አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቻችሁ ጋር የግንፍሌን መስመር ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ የት የት ቱቦ እንደሚገባበት፣ ዳርቻው የት እንደተደረመሰ፣ ቆሻሻ የት እንደሚከመር በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የሰፈሩን ነባር ነዋሪዎች የቀድሞው ውሃ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ጠይቋቸው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣራ ራቅ አድርጋችሁ በግቢያችሁ አስቀምጡና በየዕለቱ ጧት በ3 ሰዓት ውስጡ ያለውን ውሃ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ከመዘገባችሁ በኋላ ድፉት። በከተማችን ዝናብ ከሰፈር ሰፈር በእጅጉ ስለሚለያይ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ ከአራት ኪሎና ከቦሌ የሆናችሁ ጓደኛሞች መዝገባችሁን ብታስተያዩና ግንፍሌ የሞላበትን ቀንና ሰዓት ከጎኑ ብትጽፉበት፣ የትኛው ጎርፍ ከየትኛው ሰፈር ዝናብ እንደመጣ ራሳችሁ መለየት ትጀምራላችሁ።