የባንኩ ወለድና የአክስትህ ልጅ ስፌት መኪና

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? አዲስ አበባ የምኖር ደመወዝተኛ ነኝ። «ለወንድምህ በወለድ አታበድር» የሚለውን ዘዳግም 23፥19ን ካነበብኩ ወዲህ ባንክ ባስቀመጥኩት ብር ላይ ወለድ ሲገባ ይከብደኛል። ሕጉ ቃል በቃል መፈጸም አለበት ብዬ የእናቴንም ሒሳብ ላዘጋ ስል ተጣላን። እኔ ለሰው ሳበድር ወለድ አልጠይቅም። ለአክስቴ ልጅ እንኳ 40,000 ብር ያለ ወለድ ሰጥቻት፣ እስክትከፍል ስፌት መኪናዋን ብቻ ነው መያዣ ያደረግኩት። ሒሳቤን ልዝጋ? ወይስ ወለዱን ሙዳየ ምጽዋት ብጨምረው ይነጻል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ባንኩን አየሁ፣ በሁለተኛው ግን ዓይኔ ስፌት መኪናዋ ላይ ቀረ። እሱን እንመጣበታለን።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ሰው ያመጣልኛል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ከጉባኤ በኋላ የሹራቡን አንገት ገልብጦ በውስጥ የተሰፋችውን ምልክት እያሳየኝ፣ «ሱፍና ተልባ እግር የተቀላቀለበት ነው፣ በዘዳግም 22፥11 ተከልክሏል፣ ልጣለው?» አለኝ። ልጁ ከልቡ ነው፣ አልሳቅኩበትም። ግን እሱም አንተም የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ረክሻለሁ ወይ?» ሕጉን የገዛ ፊታችሁን የምታዩበት መስታወት ብቻ አድርጋችሁታል። የወለዱ ሕግ ግን የሚያሳይህ ሌላ ሰው ነው፣ አጠገብህ የቆመውን።

«ኦሪት ተሽራለች፣ ተዋት» ብዬ አላሰናብትህም። ጌታ ልፈጽም እንጂ ልሽር አልመጣሁም ብሏል። ስለዚህ በደንብ እናንብባት።

ዘጸአት 22፥25 ገንዘብ የሚበደረው ማን እንደሆነ ይነግርሃል፤ ከአንተ ጋር ያለው ድሃ። ዘሌዋውያን 25፥35ም ወንድምህ ቢደኸይ፣ እጁ ቢዝል ብሎ ነው የሚጀምረው። ያ ሰው ገበሬ ነው። ዝናብ ከድቶት፣ ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ፣ የሚበላና የሚዘራ እህል ሊበደር የመጣ ነው። በእሱ ላይ ወለድ መጫን ረሃቡን መነገድ ነው። በነህምያ ዘመን (ምዕራፍ 5) የሆነው ይኸው ነው፤ ሕዝቡ ለእህል ብሎ እርሻውንና ቤቱን አስይዞ ልጆቹን እስከ ባርነት ሲሰጥ፣ ነህምያ ባለጠጎቹን ተቆጥቶ አስመለሰ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ወለድ የሚበላ ካህን ከሹመቱ ይሻር ብለዋል። በእኛ ሰፈር የልጁን ሕክምና ለመክፈል የቸገረው ሰው በወር አሥር ከመቶ ሲበደር፣ ያ አራጣ ነው፣ በሀገራችን ሕግም ወንጀል ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ዛሬም ቃል በቃል ይሠራል፣ ምንም ማለሳለስ የለበትም።

አንተ ግን ባንክ ስታስቀምጥ የተራበ ሰው ፊትህ የለም። ባንኩ በብርህ ይነግዳል፣ ከትርፉ ያካፍልሃል። ሰባት ከመቶ ቢሰጥህም እኮ የጤፉ ዋጋ ቀድሞህ ይሄዳል! (አንዳንዶች በማቴዎስ 25፥27 ያለውን የመክሊት ምሳሌ ለባንክ ፈቃድ አድርገው ይጠቅሳሉ። እኔ አልወደውም፤ ምሳሌው ስለ ሰነፉ አገልጋይ እንጂ ስለ ቁጠባ አይደለም።) ስለዚህ በዚህ ምክንያት ሒሳብህን አትዝጋ። ኅሊናህ እምቢ ካለህ ወለድ የማይታሰብበት ሒሳብ አለ፣ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካክረህ አዛውረው። የእናትህን ግን አትንካ። ይልቅ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።

ሙዳየ ምጽዋቱን በተመለከተ፣ ከጠቀስከው ጥቅስ አንድ ቁጥር ከፍ በል። 23፥18 የጋለሞታ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት አይግባ ይላል። ወለዱ የረከሰ ነው ብለህ ካመንክ ለእግዚአብሔር እንዴት ትሰጠዋለህ? ሙዳየ ምጽዋት የልብስ ማጠቢያ አይደለም። ርኩስ ካልሆነ ደግሞ ብርህ ነው፣ መመጽወት ከፈለግህ ደስ ብሎህ መጽውት።

አሁን ስፌት መኪናዋ። ከዚያችው ጥቅስ ገጹን ብትገልጥ ዘዳግም 24፥6ን ታገኝ ነበር። ወፍጮውን ወይም መጁን መያዣ አትውሰድ ይላል፣ የሰውን ነፍስ መያዝ ነውና። ወፍጮ ከሌለ በዚያ ቤት እንጀራ የለም። የአክስትህ ልጅ በምን ልትከፍልህ ነው? በስፌት አይደለም እንዴ የምትኖረው? መኪናዋ አንተ ቤት አልጋ ሥር ተቀምጦ፣ «መቼ ነው የምትከፍይኝ?» ብለህ ስትደውልላት ምን ትበልህ? አንድ ብር ወለድ አልጠየቅካትም፣ እውነት ነው። ወፍጮዋን ግን ወስደሃል። ቃል በቃል የሚፈጸም ሕግ ስትፈልግ ኖረህ፣ እጅህ ላይ ያለውን አላየኸውም።

ሳልቆጣ ነው የምነግርህ፣ ክፉ ሰው ብትሆን አትጽፍልኝም ነበር። ብርህንም ተወው አላልኩህም፤ እየሰፋች በየወሩ የምትችለውን ትክፈልህ። ግን ቅዳሜን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ታክሲ ያዝና መኪናውን ውሰድላት። ፔዳሉና የመርፌ ሳጥኑ እንዳይቀር። ስትደርስ ደግሞ 24፥11ን አስታውስ፤ አበዳሪ ውጭ ይቆማል ይላል። አንኳኳና ደጅ ላይ ጠብቅ፣ ግባ ስትልህ ትገባለህ።