ለእሽቅድምድም ሜዳ ኦሪጅናል ዕቃ ወይስ የማሻሻያ?

ጥያቄ፦ መኪናዬ በፊት ጎማ የምትጎተት ትንሽ የቤት መኪና ናት፤ 140,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ እወስዳታለሁ፤ በሌላው ቀን ሥራ እሄድባታለሁ። ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ አለ። የፊት ጎማዎቿም በውጭ ጠርዛቸው ተበልተዋል። አንድ ጋራዥ 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ እንዳስገባና ጎሚኒውን (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ላስቲክ) በሙሉ በፖሊዩሬቴን (ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ መሰል ነገር) እንድተካ መከረኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከኦሪጅናል አትውጣ ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉና ከመኪናዋ ሥር ይግቡ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያንን ግፊት በአብዛኛው የሚቀበለው የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የኋላ ጎሚኒ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያስደግፉ፤ ከዚያ ረዘም ያለ የብረት ዘንግ በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብተው ቀስ ብለው ይፈንቅሉ። ደኅና ጎሚኒ ትንሽ ተስቦ ወዲያው ይመለሳል። ያለቀለት ግን ላስቲኩ ከብረቱ ተላቆ አፉን ሲከፍት በዓይን ይታያል። ጎማውንም ከላይና ከታች፣ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቅንቁት፤ የመጀመሪያው የቦል ጆይንት (የብራቾው ጫፍ ኳስ መጋጠሚያ) እና የኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት)፣ ሁለተኛው የታይሮድ (መሪው ጎማውን የሚያዞርበት ዘንግ) ልልነትን ያሳይዎታል።

140,000 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና ይዞ «ኦሪጅናሉ ለሜዳ አይሆንም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ኦሪጅናሉን መቼ አየኸው እለዋለሁ። እርስዎም እስካሁን የፈተኑት ያረጀውን ነው።

ቦል ጆይንት፣ ታይሮድና ኩሽኔታ ላይ ክርክር አልወድም። ቦል ጆይንት ከተላቀቀ ጎማው መኪናዋ ሥር ይታጠፋል። ስለዚህ ኦሪጅናል፣ አለዚያም ለፋብሪካው ራሱ የሚያቀርበው አምራች በራሱ ካርቶን የሚሸጠውን ይግዙ። ከውጭ አምራች የመጣ ሁሉ አስመስሎ የተሠራ አይደለም።

ጎሚኒው ላይ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። የፋብሪካው ላስቲክ ከውስጥና ከውጭ ብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዛል እንጂ አይንሸራተትም። ፖሊዩሬቴን ደግሞ በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ይዞራል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ይጮኻል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚዞር ቦታ፣ ለምሳሌ በስታቢላይዘሩ (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳትጋደል የሚይዘው ዘንግ) ማሰሪያ፣ ጥሩ ይሠራል። በብዙ አቅጣጫ መታጠፍ ባለበት ቦታ ግን፣ በተለይ የኋላውን ጎማ ወደ ፊት አስሮ በሚይዘው ክንድ ላይ፣ ክንዱን አንቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ጎሚኒው ያልታሰበ ሁለተኛ ሞላ ይሆንና የመኪናዋ ጅራት ኩርባ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት ያቅታል። «በሙሉ ቀይር» የሚለውን ምክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። ለእርስዎ አዲስ የላስቲክ ጎሚኒ ይበቃል።

ሲገጠም አንድ ነገር አደራ። በሙያው ጀማሪ ሳለሁ አዲስ ብራቾ ገጥሜ ብሎኑን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ገና ከቆመችበት ጀምሮ ተጠምዝዞ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ተቀደደ፣ ዕቃውንም ከኪሴ ከፈልኩ። ብሎኑ የሚጠብቀው የመኪናዋ ክብደት ጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ወደ ሞላው ስንመጣ፣ 40 ሚሊ ሜትር ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ሾክ አብዞርበሩ ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት ውስን ነው፤ ግማሹን ገና ሳይነዱ ከበሉት ኩርባ መሀል ላይ ከመታገጃው ላስቲክ ጋር ይላተማል፣ የፊት ጎማም በድንገት መያዣ ያጣል። ብራቾውም ወደ ላይ ያዘነብልና አካሏ ለመጋደል ይቀላታል፤ ዝቅ ብላ ይበልጥ የምትጋደል መኪና ብዙ አይቻለሁ። ሞላው ሲጠነክር ሾክ አብዞርበሩም አብሮ መጠንከር አለበት፦ ጥንካሬው እጥፍ ከሆነ የሾክ አብዞርበሩ ኃይል 40 በመቶ ያህል መጨመር ይኖርበታል። አሮጌ ሾክ አብዞርበር ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ መጫን መኪናዋን እንደ ኳስ ማንጠር ነው።

የውጭ ጠርዙ መበላት የሚናገረው ስለ ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ነው፤ ጎማው ኩርባ ላይ በጠርዙ ይቆማል። የቤት መኪና የፊት ካምበር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ እስከ 1 ዲግሪ ኔጋቲቭ (ላዩ ወደ ውስጥ ያዘነበለ) ነው፤ ለሜዳ ከ2 እስከ 3 ይፈለጋል። ብዙ የቤት መኪኖች ይህን ማስተካከያ ከፋብሪካ አይዙም፤ የማሻሻያ ዕቃ ገንዘቡን የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ የምትቀበለው ከሆነ በካምበር ማስተካከያ ብሎን ይጀምሩ፤ ካልበቃ ከሾክ አብዞርበሩ ራስ ላይ የሚቀመጥ ተንሸራታች ሳህን አለ። ካምበር ሲነካ የጎማው አቅጣጫ አብሮ ስለሚዛባ አላይመንት ማሠራት ግዴታ ነው።

አዲስ የላስቲክ ጎሚኒ፣ አዲስ ኦሪጅናል ሾክ አብዞርበር፣ የተስተካከለ ካምበርና አዲስ የፍሬን ዘይት ይዘው ሜዳ ይውጡ። ከመውጣትዎ በፊት በሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው እስከ ታች ያውርዱት። ሲመለሱ ማሰሪያው ተገፍቶ መታገጃው ላስቲክ ውስጥ ተቀርቅሮ ካገኙት ይጻፉልኝ፤ ስለ ሞላ ያኔ እንነጋገራለን።