ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር፦ በጎጃም መንገዶች ላይ ስለሚደረግ የብስክሌት ጉዞ የአንባብያን ጥያቄዎችና ምላሾቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በጥር ወር ዕረፍታችን ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር በብስክሌት እስከ ደጀን ሄደን፣ ዓባይ በረሃን እስከ ድልድዩ ወርደን በዚያው ዕለት ወደ ቤታችን ልንመለስ አስበናል። ብስክሌቶቻችን አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች ናቸው። ያሳሰበን አቀበቱ ነው፤ ለቁልቁለቱ ግን ብዙም አልተጨነቅንም። ምን ትመክሩናላችሁ?

ምላሽ፦ የተከበሩ መምህር፣ እኔ ደግሞ በእናንተ ቦታ ብሆን ከአቀበቱ ይልቅ ቁልቁለቱን እፈራለሁ። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን ድልድዩ ያለው ግን 1,050 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። መንገዱ ይህን ሁሉ ከፍታ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወርደዋል፤ ይህም በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚለቀቀው ጉልበት ሦስት ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረውን ግን የሚሸከሙት የፍሬኑ ላስቲክና ቸርኬው ናቸው።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። መጀመሪያ በወረድኩበት ቀን ከፍርሃት የተነሳ ፍሬኑን ከላይ ጀምሬ ሳልለቅ ጨብጬው ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ የኋላ ጎማዬ ጥይት የተተኮሰ ያህል ጮኸና ፈነዳ። እንደምንም ቆሜ ቸርኬውን ብነካው የጣቴን ጫፍ ጠበሰኝ። ከመነዳሪውን ሳወጣው ቸርኬውን በሚነካበት በኩል ሙቀቱ አልፈስፍሶት ተሰንጥቋል፤ የፍሬኑ ላስቲክም እንደ ሰም ለስልሶ በቸርኬው ዙሪያ ጥቁር መስመር ትቷል። በዚያች ቅጽበት ገደሉ ከመንገዱ ማዶ በኩል ስለነበር ተርፌያለሁ።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የአራቱንም ብስክሌቶች የፍሬን ላስቲክ በአዲስ ቀይሩ፤ የፍሬኑ ሽቦ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከሆነም አብራችሁ ለውጡት። ስትወርዱ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አትያዙ፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ልቀቁት፣ ጥምዝ ከመድረሱ በፊት የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙና ጥምዙ ውስጥ ስትገቡ መልሳችሁ ልቀቁ። በየአራትና አምስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙ፤ ቸርኬው እጅ እስኪያስነካ ድረስም አትንቀሳቀሱ። ሞቀ ተብሎም በጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ አይደፋም። የመንገዱም ጠባይ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በረሃው በክረምት መሬቱ የሚንሸራተትበት ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው ሰምጧል፣ ከባድ መኪኖችም እንደ ማዕበል አሞግሙገውታል፤ በፍጥነት ላይ ያለ ቀጭን ጎማ እዚያ ላይ መያዣ ያጣል። ከኋላችሁ ተሳቢ መኪና ሲመጣ ከሰማችሁ መሽቀዳደሙን ትታችሁ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ የእሱም ፍሬን እንደ እናንተው እየተቃጠለ ነውና።

አቀበቱን በተመለከተ ጉዳዩ ከጉልበት ይልቅ የማርሽ ነው። በአሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከፊት ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ነው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ስታዞሩ ብስክሌቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ያን ፍጥነት ይዞ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ መዝለቅ የሚችለው በደንብ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ካስገጠማችሁ ግን በዚያው የእግር አዟዟር ፍጥነታችሁ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል እንጂ ጤነኛ ሰው ይወጣዋል። ብስክሌት ሠሪያችሁን ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ የኋላው ማርሽ ሲተልቅ ካቴናውም መርዘም ይኖርበታል።

በዚያው ዕለት እንመለሳለን የሚለውን ሐሳብ ግን ተዉት። ከደብረ ማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጀን አድራችሁ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሡ ከ2 ሰዓት በፊት ድልድዩ ዘንድ ትደርሳላችሁ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላም ተመልሳችሁ ደጀን ሻይ ትጠጣላችሁ። ቆላው ከደጀን በዘጠኝና በዐሥር ዲግሪ ስለሚሞቅ በቀትር እዚያ መገኘት አይገባም። ድልድዩ በጥበቃ ሥር ስለሆነ ላዩ ላይ ቆማችሁ ፎቶ ለማንሣት አትሞክሩ። ወደ ላይ ስትመለሱ ግን መንገዱ የተቆረጠበትን ግድግዳ እያያችሁ ውጡ፤ ከሥር ያለው የአሸዋ ድንጋይ ለጅብስና ለኖራ ድንጋይ፣ እሱም አናት ላይ ለጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቦታውን ሲለቅ በመኪና የሄደ ሰው አያየውም። እኔን ደጋግሞ ወደዚያ በረሃ የሚመልሰኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ከእህቴ ጋር ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በሦስት ቀን ለመምጣት ፈልገናል። ከባዱ ቦታ የቱ ነው? የምንጓዘው በጾም ስለሆነ ስንቁስ ምን ይሁን?

ምላሽ፦ እመቤቴ፣ መንገዱ በጠቅላላው 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን በጎጃም ኪሎ ሜትር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ወንዞቹን ይቁጠሩ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ውሃውን ወደ ዓባይ ሲልክ ዋናው መንገድ ወንዞቹን እያቋረጠ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ድልድይ አንድ መውረድና አንድ መውጣት አለው። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጨሞጋ፣ አማኑኤል አካባቢ ጀደብ፣ ደምበጫ ዘንድ ተምጫ፣ ጅጋ ላይ ብር፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ደግሞ ላህ አለ። በመጀመሪያው ቀን ፍኖተ ሰላም ይደሩ፤ ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ከፍታውም በጠቅላላው እየቀነሰ ስለሚሄድ የወንዞቹ አቀበት አይጎዳም።

ከባዱ ሁለተኛው ቀን ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮሶበር (እንጅባራ) ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በቡሬና በጥሊሊ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደጋው ቀስ እያለ ይቀበላችኋል፣ ከሰዓት በኋላም ብርድ ልብስ የሚያስመኝ ነፋስ አለው። ኮሶበር ከመድረሳችሁ በፊት ዘንገና ሐይቅ ከመንገዱ ብዙም ስለማይርቅ እዚያ አረፍ በሉ። በሦስተኛው ቀን ጓዛችሁ ይቀላል፤ ከኮሶበር ወዲያ ውሃው አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ጣና ስለሚወርድ እናንተም አብራችሁት ትወርዳላችሁ። በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ በኩል እስከ ባሕር ዳር ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናትና የመሬቱ ዝንባሌ ያግዛችኋል።

ለልምምድ ሩቅ አይሂዱ። የቤዛዊትን ኮረብታ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ጧት አምስት ጊዜ እየወጣችሁ ውረዱ፤ በስድስተኛው ሳምንት እግራችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ስለ ስንቅ ደግሞ የገብስ በሶን የሚያህል አላውቅም፤ የጾም ነው፣ አይበላሽም፣ በየሻይ ቤቱ በሚገኝ ውሃ በአንዲት ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይበጠበጣል። ከቤታችሁ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ፣ ከስኳር ጋር ደባልቃችሁ በየቀኑ ልክ በትናንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥሩት። ሳይርባችሁ በየሰዓቱ ጥቂት ጠጡ። ምሳ ላይ በሽሮ ጠግቦ ወዲያው ዳገት መጀመር ሆድን ያስጨንቃልና ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዕረፉ።

ጥያቄ፦ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚሻለው የትኛው ወር ነው? ከቢቸና።

ምላሽ፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ወንዞቹም ውሃ ይዘዋል። ከየካቲት ወዲህ ሙቀቱና አቧራው፣ ከሰኔ ወዲህ ደግሞ ጭቃውና ጉሙ ያስቸግራል። በየትኛውም ወር ቢሆን ግን ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ምሽት መናኸሪያ ሄደው መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያው ቀን የገቡ ሾፌሮችን ይጠይቁ፤ ሰላም አይደለም ካሉዎት ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። በመንገድዎ ላይ ያሉት ከተሞች የገበያ ቀናቸው መቼ እንደሆነም አብረው ይጠይቁ፤ በዚያን ቀን ጧት የመንገዱ ዳር ለጋሪ፣ ለጭነት አህያና ለእግረኛ ስለሆነ በየከተማው መግቢያ ከብስክሌትዎ ወርደው እየገፉ ይለፉ።