የስድስት ቀን ፕሮግራም፣ የሦስት ቀን ሳምንት

ጥያቄ፦ ሰላም ኮች። 27 ዓመቴ ነው፤ ክብደቴ 61 ኪሎ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። አንዱን ሳምንት ከጠዋቱ 12 እስከ 8 ሰዓት፣ ቀጣዩን ከ8 እስከ ማታ 4 ሰዓት እገባለሁ። ኦቨር ታይም ሲመጣ ሁሉም ይመሰቃቀላል። ጡንቻ መጨመር እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ የስድስት ቀን ፕሮግራም ሰጠኝ፦ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ ባይሴፕስ (የክንድ ፊት)፣ ዓርብ ትራይሴፕስ (የክንድ ኋላ)፣ ቅዳሜ እግር። ቅዳሜ ግን ብዙ ጊዜ አልደርስም። እግሬን ታቦር ተራራ ስወጣ እሠራዋለሁ ብዬ ትቼዋለሁ። ምን ይሻለኛል?
ፈረቃ ያስቸገረው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ መጥፎ አይደለም። ያንተ አይደለም እንጂ። እሱ የተሠራው በሳምንት ስድስት ቀን ጂም ለሚውል ሰው ነው። አንተ ደህና በሆነልህ ሳምንት ሦስት ቀን ብትመጣ ነው። እግር ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለተመደበ ሁልጊዜ ቀሪ ነው። እኔ የማሠለጥንበት ጂም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጆች ሞልተዋል፤ ከወገብ በላይ ሌላ ሰው፣ ከወገብ በታች ሌላ ሰው። «እኔ ብስክሌት እነዳለሁ፣ እግር አያስፈልገኝም» ይሉኛል። በሐዋሳ ሜዳ ላይ ብስክሌት መንዳትማ ማን ያቅተዋል!

ታቦርን ውጣ፤ ለልብም ለሳንባም ጥሩ ነው። ጡንቻ የሚያድገው ግን ሸክሙ ቀስ እያለ ሲጨምርበት ነው። ተራራው ከዓመት ዓመት ያው ተራራ ነው።

አንድን ጡንቻ በደንብ ካሠራኸው በኋላ ሰውነትህ እሱን የሚገነባበት ፍጥነት ከፍ ብሎ የሚቆየው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ነው። ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ደረትን ሰኞ ብቻ ከሠራህ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሰኞ ኦቨር ታይም ከያዘህማ ያ ደረት ሁለት ሳምንት ጠበቀ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጡንቻ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ቢነካ ይሻልሃል። ሦስት ቀን ላለው ሰው ደግሞ ቀላሉ መንገድ በመጣ ቁጥር ሙሉ ሰውነትን መሥራት ነው።

ፕሮግራምህ ላይ የቀን ስም አትጻፍ። «ሀ» እና «ለ» በለው። «ሀ» ላይ ስኳት (ባር ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባር ከደረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ጎንበስ ብሎ ባር ወደ ሆድ መሳብ። «ለ» ላይ ዴድሊፍት (ባር ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ባር ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት፣ ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)። ፑል አፕ ካቃተህ ከላይ ወደ ታች የሚሳበውን ማሽን ተጠቀም። እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሥራ። ዴድሊፍት ወገብ ስለሚያደክም ሁለት ዙር ይበቃዋል፤ እሱንም መጀመሪያ በቀላል ክብደት ሰው እያየህ ተማረው። ዙሩን ስትጨርስ አንድ ሁለት ጊዜ ለመጨመር አቅም ሊቀርህ ይገባል። ሦስቱንም ዙር 12 ማድረስ ስትችል በቀጣዩ 2.5 ኪሎ ጨምር። ጊዜ ከተረፈህ መጨረሻ ላይ ክንድ ሥራ። ብከለክልህም አትተወውም።

ባለፈው «ሀ» ከሠራህ ቀጣዩ «ለ» ነው፤ ሰኞም ይዋል ሐሙስ። መሃል ላይ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍ። ኦቨር ታይም በበዛበት ሳምንት ሁለቴ ብቻ ብትመጣ እንኳ የተዘለለ ጡንቻ የለም። ማታ በምትወጣበት ሳምንት ግን በጠዋት ጂም ልድረስ አትበል። ሰርቪስ ጠብቀህ፣ ቤት ገብተህ፣ በልተህ እስክትተኛ እኩለ ሌሊት ይሆናል። እንቅልፍህን ጨርሰህ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ሂድ።

ወደፊት አራት ቋሚ ቀን ካገኘህ ሁለቱን ለላይኛው፣ ሁለቱን ለታችኛው አካል አድርጋቸው። የሚገፋ፣ የሚሳብና እግር ብሎ በሦስት መክፈል አምስት ስድስት ቀን ለሚመጣ ሰው ነው። ፍላጎትህ ትልቅ ጡንቻ ሳይሆን ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀኖቹን አልነካቸውም ነበር፤ ክብደቱን ከፍ፣ ድግግሞሹን ወደ 5 ዝቅ፣ በዙሮች መካከል ያለውን እረፍት 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ አደርግልህ ነበር።

ስለ ምግብ አልጠየቅኸኝም፤ ግን በ61 ኪሎህ ዝም ልልህ አልችልም። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደትህ 1.6 ግራም ፕሮቲን ብታስብ ወደ 98 ግራም ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 24 ግራም ይዟል፤ ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ብትጾምም ምስር፣ ሽሮና ፉል አሉልህ፣ ሰሃኑን ብቻ ሞላ አድርገው። በሌላው ቀን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ መምህርት ነኝ። ጂም መሄድ የምችለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በሁለት ቀን ለውጥ ይመጣል ወይስ ገንዘቤን ነው የማባክነው?
ከአቶቴ

መልስ፦ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክረው ራሱ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። የእርስዎ ችግር ቀኖቹ ማነሳቸው ሳይሆን መደራረባቸው ነው። ቅዳሜ ጂም ገብተው ሙሉ ሰውነትዎን ይሥሩ። ሁለተኛውን ረቡዕ ማታ ቤትዎ ያድርጉት፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎድን አጥንት መሳብ። እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት፤ እብጠት ካለው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይልዎ። እሑድን ይረፉበት።