አስራቴን ለአዳራሹ ልስጥ ወይስ ለነዳያን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቁምስናችን (የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) አዳራሽ እያሠራ ስለሆነ በየወሩ መዋጮ አለ። ከቅዳሴ ስንወጣ ደግሞ በሩ ላይ የሚለምኑ ሰዎች በዝተዋል። አስራቴን ለየትኛው ልስጥ? ሁለቱንም አልችልም። በዚያ ላይ ባለፈው አንድ ሰው የሐኪም ማዘዣ አሳይቶኝ 500 ብር ሰጠሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሲለምን ቃሊቲ መናኸሪያ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እጄ አልዘረጋ አለኝ። ለአጭበርባሪ መስጠት ኃጢአት ነው? ኑሮው እንደሚያውቁት ነው። የቤቱ የባንክ ዕዳ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። የቤት ሠራተኛዬን እንኳ የሁለት ወር ደመወዝ አልሰጠኋትም። እሷ ግን ጥሩ ልጅ ናት፣ ምንም አትልም።
ወለተ ማርያም

መልስ፦ እህቴ ወለተ ማርያም፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ አስራት የምመልሰውን እያሰብኩ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን መጨረሻ ላይ ያለችው ነገር ያዘችኝ። ስለ ቤት ሠራተኛሽ አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን ከእሷ ልጀምር፤ አትቀየሚኝ።

የሁለት ወር ደመወዝ። ልጅቷ እንደ ብዙዎቹ ከገጠር የመጣች ከሆነ ያ ገንዘብ የእሷ ብቻ አይደለም። እናቷ ትጠብቀዋለች። ታናሽ ወንድሟ ደብተር ይገዛበታል። «ምንም አትልም» ብለሻል። ምን ትበል? የምታድረው አንቺ ቤት ነው። የምትበላው አንቺ ቤት ነው። ተናግራ ብትወጣ ተመልሳ ደላላ ደጅ መቀመጥ ነው የሚጠብቃት። ዝም ማለቷን ተስማምታ ነው ብለሽ አትውሰጂው።

አሁን አስቢው። አንቺ ለነዳያን ልስጥ ወይስ ለአዳራሹ እያልሽ የምትጨነቂበት ገንዘብ ውስጥ የእሷ ገንዘብ አለበት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የተባለው መጽሐፍ በቁጥር 2446 ላይ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የወሰደው ቃል አለ። ሐሳቡ በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ቅድሚያ ፍትሕ የሚጠይቀው ይፈጸም፤ ለሰው በፍትሕ የሚገባውን እንደ ምጽዋት አድርጋችሁ አትስጡ። ቁጥር 1867 ደግሞ ወደ ሰማይ የሚጮኹ ኃጢአቶችን ሲዘረዝር ከአቤል ደም ጋር የሠራተኛን ደመወዝ ያነሣል። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ግድያና ያልተከፈለ ደመወዝ በአንድ መስመር! ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 5 ላይ የሚጮኸው ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ ነው ይላል። ልጅቷ ዝም ብትልም ደመወዟ ዝም አላለም ማለት ነው።

ይህን የምልሽ ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤቴን ቀለም የቀባልኝን ልጅ «ሳምንት ና» እያልኩ አራት ጊዜ አመላልሼዋለሁ። ገንዘቡ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሌላ ነገር ላይ አውዬው ነው። በአራተኛው ጊዜ ስከፍለው «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ላቡን ስሰጠው አመሰገነኝ! ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያው ወር ስለ ደጉ ሳምራዊ አስተምሬ ነበር። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ሙሉውን መክፈል ከቻልሽ ዛሬ ክፈያት። ኦሪት ዘዳግም 24 የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ይሰጠው የሚለው ድኻው ተስፋ የሚያደርገው እሱን ስለሆነ ነው። ካልቻልሽ የአንዱን ወር ስጪና ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ቀሪውን የምትሰጪበትን ቀን ቆርጠሽ ንገሪያት። ስትሰጫት «ልርዳሽ» አትበያት፣ «ያንቺ ነው» በያት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ እሑድ ስታስቀድሺ እሷ ልጆች እየጠበቀች ነው የምትቀረው? ኦርቶዶክስም ትሁን ፕሮቴስታንት ወደ ቤተ ክርስቲያኗ መሄጃ ሰዓት ሊኖራት ይገባል። የሰንበት ዕረፍት ለአሠሪ ብቻ አልተሰጠም።

እሺ፣ ወደ አስራቱ እንመለስ። ከደሞዝሽ ላይ የግድ አንድ አሥረኛ ቁረጪ የሚል ሕግ ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ የላትም። ያለው ግዴታ እንደ አቅምሽ የቤተ ክርስቲያንን ፍላጎት መርዳት ነው። አስራት የሚያወጣ ይባረክ፣ መልካም ልማድ ነው። ግን ከሰው ገንዘብ ላይ አስራት አይወጣም። የሠራተኛሽን ደመወዝ ከፍለሽ ከቀረው አስቢ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ብትሆንም አትፈሪ።

«ለአዳራሹ ወይስ ለነዳያን» የሚለው ምርጫ ግን ራሱ ትንሽ ጠማማ ነው። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የምንተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ነው። ቀኖና 25 ምእመኑ ቤተ ክርስቲያንን እንዲረዳ ያዛል፤ በዚያው ቀኖና ላይ ከገዛ ገቢው ድኾችን እንዲረዳም ያዛል። አንዱ ሌላውን አይተካም። በጥንት ጊዜ እንዲያውም ሁለቱ አንድ ሙዳይ ውስጥ ነበሩ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ስለ እሑድ ጸሎት ሲጽፍ፣ ምእመናን የሚያዋጡት ገንዘብ ጸሎቱን በሚመራው ዘንድ ይቀመጥና ወላጅ አልባዎች፣ መበለቶች፣ ሕሙማን፣ እስረኞችና እንግዶች ይረዱበት ነበር ይላል። ስለዚህ ከመዋጮው ስንቱ ለድኾች እንደሚውል የቁምስናውን ምክር ቤት ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱ «ገና አላሰብንበትም» ከሆነ፣ እንግዲህ ማሰብ የሚጀምሩት አንቺ ስለጠየቅሽ ይሆናል። አዳራሹም ክፉ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ሕፃናቱ ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩበት፣ ሰው ሲሞት ዕድርተኛው የሚቀመጥበት ጣሪያ ያስፈልጋል። ግን ሴራሚኩ ትንሽ ቢቆይ ማንም አይሞትም።

አሁን ባለማዘዣው። ሰውዬው ዋሽቶሻል፤ መቆጣትሽ ትክክል ነው። ለተታለለ ሰው ግን ኃጢአት አይቆጠርበትም፤ ያንቺ 500 ብር በፍቅር ነው የወጣው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በሚሰብክበት ዘመንም ምእመናኑ «እነዚህ ለማኞች አስመሳይ ናቸው» ይሉ ነበር። እሱም የሚመልስላቸው፣ ሰው ለቁራሽ እንጀራ እስከ ማስመሰል የደረሰው በእኛ ጭካኔ ነው እያለ ነበር። ጠንከር ያለ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልዋጥ ይለኛል። የሚያጭበረብር ሁሉ ተርቦ ነው ብዬ አላምንም። ግን በአንድ ሰው ምክንያት ሌላውን ሁሉ መቅጣት አይሆንም። ከእንግዲህ ማዘዣ የያዘ ሰው ሲያጋጥምሽ ብር አትስጪ፤ አብረሽው ፋርማሲ ግቢና መድኃኒቱን ግዢለት። ካመነታ ገብቶሻል ማለት ነው። አስታማሚ የሌለው፣ ሜዳ ላይ የወደቀ ሕመምተኛ ካየሽ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ ቤት አስታውሺ።

በሩ ላይ ስለሚቀመጡት አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያቋቋሙት የድኾች ቀን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። እኛም ጋ ምሳ ይዘጋጃል፣ ፎቶ ይነሣል። መልካም ነው። በማግሥቱ ግን ያንኑ ሰው ሳናየው እናልፈዋለን። እኔ በምሄድበት ቁምስና በር ላይ የሚቀመጡ አንድ ዐይነ ስውር አባት አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳንቲም እየጣልኩላቸው አልፌያለሁ። በአራተኛው ዓመት አንድ እሑድ ታክሲ ጠፍቶ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ስማቸውን ጠየቅኳቸው።

«እኔ እንኳ አውቅሃለሁ» አሉኝ። «በድምፅህ»።

ለካ በየሳምንቱ በድምፅ ማጉያው ትምህርቱን ሁሉ ከውጭ ይሰሙ ኖሯል። የትኛውን እንደወደዱት ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «የሀብታሙንና የአልዓዛርን ጀምረህ ነበር» አሉ፣ «እሱን ግን ቶሎ ጨረስከው»።