የአኮርድሽ ዘይት ለምን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል?

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የጻፈችልኝ እህት ያለችው ባጭሩ ይኸው ነው፦ «ጋሼ፣ አምና የ2018 ሆንዳ አኮርድ ገዛሁ፤ ባለ 1.5 ሊትር ተርቦው ነው። አሁን 92 ሺህ ማይል ሄዷል። ዘይቱን ስለካው ከላይኛው ምልክት አልፎ አገኘሁት፣ ሳሸተው ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የራዲያተሩ ውሃም ከመስከረም ወዲህ ቀንሷል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ይንቀጠቀጥና ይተወዋል። የምሠራበት ሆስፒታል ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሌላ ብዙም አልነዳውም። አንድ መካኒክ ተርቦው ሄዷል ብሎ 2,800 ዶላር ጠየቀኝ። ዘመዶቼ ሳይብስበት ሽጪው ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ተርቦውን (ለሞተሩ አየር በግፊት የሚያቀብለውን ክፍል) አታስቀይሪ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ተርቦ ተበላሸ የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላየሁም። ተርቦ ሲያረጅ ዘይት ያጎድላል እንጂ አይጨምርም። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ነዳጅ ስትረግጪ እንደ ፉጨት ያለ ስለታም ድምፅ ይሰማል፣ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ኮምፒዩተሩም ብዙ ጊዜ ፒ-0299 የሚባለውን ኮድ ይጽፋል። ይህን ኮድ ራሱን እንኳ ከተርቦው ይልቅ የላላ የአየር ቱቦ ማሰሪያ የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ያ መካኒክ ምን ለክቶ እዚያ ድምዳሜ ላይ እንደደረሰ በጽሑፍ ይስጥሽ። የለካው ነገር ከሌለ ገንዘብሽን ያዢ።

በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ተለይተው መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የዘይቱ መጨመር ነው፤ የዚህ ሞተር የታወቀ ጠባይ ስለሆነ በትንሽ ወጪ ይያዛል። ሌላው የውሃው መቀነስና የጠዋቱ መንቀጥቀጥ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው።

ከዘይቱ ልጀምር። በዚህ ሞተር ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የሚረጨው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የተረጨው ሁሉ አይተንም፤ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ረጥቦ ይቀርና በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ሾልኮ ኮፓ (የሞተሩ የታችኛው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ካለው ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ዘይቱ በደንብ ስለሚግል ቤንዚኑ ተመልሶ ይተንና በፒሲቪ ቫልቩ፣ ማለትም የኮፓውን ትነት መልሶ በሚያስገባው መተንፈሻ፣ በኩል ወደ ሞተሩ ገብቶ ይቃጠላል። አንቺ ግን በሚኒሶታ ብርድ አሥር ደቂቃ ነድተሽ ታቆሚያለሽ። የውሃው መለኪያ መሀል ቢደርስ እንኳ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ ሳይሞቅ ሞተሩን አጠፋሽው ማለት ነው። ማታ ስትመለሺ ያው ይደገማል። ቤንዚኑ በየቀኑ ይገባል፣ የሚወጣበት ጊዜ ግን አያገኝም።

ይህ በአንቺ መኪና የተጀመረ አይደለም። ያው 1.5 ሊትር ተርቦ ሲአር-ቪና ሲቪክ ላይም አለ። በ2018 ሆንዳ በዚሁ ጣጣ ቻይና ውስጥ አዲሱን ሲአር-ቪ መሸጥ እስከማቆም ደርሶ ነበር፤ አሜሪካም ውስጥ ለሲአር-ቪና ለሲቪክ የሞተር ዋስትናቸውን አራዝሞ፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ የሶፍትዌር ማስተካከያ አወጣ። የአንቺ መኪና የአምስት ዓመት ከ60 ሺህ ማይል ዋስትና አልፏል። ቢሆንም የቀረ የሶፍትዌር ማስተካከያ ካለ በሻሲ ቁጥሩ አይተው እንዲነግሩሽ የሆንዳን ሰርቪስ ክፍል ጠይቂ።

በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ለምን ያስፈራል? የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘንጉን ከሚዞርበት ብረት የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ያ ሽፋን ሲሳሳ ዛሬ ደህና የሆነው ተርቦ ከጊዜ በኋላ በእርግጥም ይሄዳል። ማለትም ተርቦው ዘይቱን አላበላሸውም፤ ዘይቱ ነው ተርቦውን ሊያበላሽ የሚችለው።

በመጀመሪያ ግን ዘይቱ በእርግጥ መጨመሩን እናረጋግጥ፤ ገና ሲቀየር ተትረፍርፎ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሞተር የሚወስደው ዘይት ከፊልትሮው ጋር ከ4 ኳርት በታች ነው። አንዳንድ ፈጣን ዘይት መቀየሪያ ቤቶች ደግሞ አብዝተው ይሞሉበታል። ስለዚህ ዘይቱን አሁኑኑ አስቀይሪ፤ ልክ የላይኛው ምልክት ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጊ። ከዚያ በየቅዳሜው ለኪው። መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሚ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፊና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። መለኪያውን አውጥተሽ ጥረጊው፣ መልሰሽ እስከ መጨረሻው አስገቢው፣ እንደገና አውጪና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። አንዲት ጠብታ በነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ ጣይና አሳድሪያት። ደህና ዘይት ጠቆር ብሎ መሀል ላይ ይሰበሰባል፤ ቤንዚን የበዛበት ዙሪያውን ሰፊና ፈዛዛ ቀለበት ሠርቶ ይዘረጋል። ሽታው ብቻውን አያስደንግጥሽ፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሁሉ ትንሽ ይሸታል። ዋናው ነገር ቁመቱ ከሳምንት ሳምንት ወደ ላይ መሄድ አለመሄዱ ነው።

ዘይቱን ስታስቀይሪ ደግሞ ትንሽ ናሙና አስቀርተሽ ለዘይት መመርመሪያ ላቦራቶሪ በፖስታ ላኪ። 40 ዶላር ገደማ ያስወጣል፤ በዚህ መኪና ላይ ከምታወጪው ገንዘብ ሁሉ እኔ የምወደው ይኼን ነው። በዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሻል፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ከፍ ብለው ከተገኙ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው ማለት ስለሆነ ለሁለተኛው ጥያቄያችንም ፍንጭ ይሰጠናል።

ዘይቱ ዜሮ-ደብልዩ-20 ሙሉ ሲንተቲክ ይሁን፤ የዕቃው ጀርባ ላይ የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ደረጃው ኤስፒ ወይም ከእሱ በኋላ የወጣ ይሁን። ከ2020 ጀምሮ የመጣው ኤስፒ ለትናንሽ ተርቦ ሞተሮችም ታስቦ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ሲረገጥ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቃጥሎ ፒስተን እንዳይሰብር ይረዳል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የዘይት ዕድሜ በመቶኛ አትጠብቂ። እሱ ከአነዳድሽ አስልቶ ይገምታል እንጂ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ አይለካም። በአንቺ አነዳድ በየ3,500 ማይሉ ቀይሪ፤ ማይሉ ባይሞላም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ በረዶው ሲቀልጥ አንዴ።

በሳምንት አንድ ቀን አይ-94 አውራ ጎዳና ላይ ወጥተሽ ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ንጂው። ጠዋት ከቤት ሳትወጪ በሪሞት አስነስቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት ግን ይቅር። ብዙ ሰው ለሞተሩ ያዘነ ይመስለዋል፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ቤንዚኑን ያበዛዋል። ሠላሳ ሰከንድ ካሠራሽው በኋላ ረጋ ብለሽ ንጂ። መኪናው ደጅ የሚያድር ከሆነ ብሎክ ሂተር አስገጥሚለት፤ እናንተ አገር መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል። ከመነሳትሽ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ኤሌክትሪክ ላይ ሲሰካ ሞተሩ ለብ ብሎ ይጠብቅሻል።

አሁን ወደ ውሃው። በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛ ክፍል) መካከል ያለው ጋርኒሽን፣ እዚህ ሄድ ጋስኬት የሚሉት፣ በዚህ ሞተር ላይ የሚጠረጠር ቦታ ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ተርቦው ደግሞ ግፊቱን ያበዛዋል። መፍሰስ ሲጀምር በጣም በትንሹ ነው፤ ሌሊት ሞተሩ ሲበርድ ጥቂት ውሃ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይንጠባጠባል። ጠዋት ሲነሳ ያ ሲሊንደር ረጥቦ ስለሚያድር ለጥቂት ሰከንድ አይተኩስም፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ተኖ ሲያልቅ ይስተካከላል። የጻፍሽው ልክ ይህን ይመስላል። ይመስላል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም፤ አሮጌ ካንዴላም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል። ለዚህ ነው ምርመራው የሚያስፈልገው።

አንቺ ራስሽ የምታደርጊው፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ ሳለ የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ፣ ውሃው የደረሰበት ቦታ፣ ቴፕ ለጥፊ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ተመልከቺው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሙቅ ሳለ በፍጹም እንዳትከፍቺ፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ነጭ እንፋሎት በብርድ ቀን አትመኚው፤ ጥር ላይ ሁሉም መኪና ያጨሳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ልብ በይ።

መካኒክ የሚያደርገው፦ «ብሎክ ቴስት ሥራልኝ» በይው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት የመስታወት ቱቦ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረግና ሞተሩ እየሠራ ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ቆመሽ በዓይንሽ እዪው። ፍሳሹ ትንሽ ከሆነ አንዴ ተሞክሮ ሰማያዊ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል መኪናው ተነድቶ ከመጣ በኋላ ይደገም። ከዚያ ማታ የራዲያተሩን ሲስተም በፓምፕ ግፊት ሞልቶ ያሳድረው፤ ጠዋት ካንዴላዎቹን ፈትቶ በቀጭን ካሜራ ፒስተኖቹን ይይ። ሦስቱ ጥቁር ሆነው አንዱ ታጥቦ የጸዳ ከሆነ፣ ወይም ላዩ ላይ ውሃ ካደረበት፣ ነገሩ ታወቀ።

ጋርኒሽኑ ከሆነ፣ ከመደርደሪያ የሚሸጠውን የፍሳሽ መድፈኛ ፈሳሽ ማንም እንዳይጨምርበት። የማሞቂያውን ራዲያተርና ተርቦውን የሚያቀዘቅዙትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ጥገናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ከሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቂ። ዋጋው ውስጥ አዲስ የቴስታታ ብሎኖች መኖራቸውን፣ ቴስታታው ማሽን ሾፕ ሄዶ ቀጥ ማለቱ መለካቱን፣ የብሎኩም ፊት መታየቱን በጽሑፍ አስገቢ። ብሎን አሮጌውን መልሼ እገጥማለሁ ያለ ጋራዥ ውስጥ አትቆይ። እስከዚያ ድረስ ሙቀቱ አንዴ እንኳ ከፍ ካለ፣ ወይም ቆመሽ ሳለ ማሞቂያው በድንገት ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ዳር ይዘሽ አቁሚና በጎታች መኪና አስወስጂው። አንድ ቀን ግሎ የሄደ ቴስታታ ይጣመማል፤ ያኔ የጥገናው ዋጋ ሌላ ነው።

ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ደግሞ የውሃ ፓምፑንና ቱቦዎቹን አስፈትሺ፤ የሆንዳ ውሃ ሰማያዊ ስለሆነ የደረቀበት ቦታ ሰማያዊ ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። የሚጨመረውም ያው ሆንዳ ታይፕ 2 የሚባለው ይሁን። ካንዴላዎቹን በዚህ ማይል ላይ በማንኛውም መንገድ ቀይሪያቸው፤ ተርቦ ካንዴላን ያደክማል።

ሁለት ነገር ልጨምር። በታኅሣሥ 2023 ሆንዳ በነዳጅ ፓምፕ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለነጻ ጥገና ጠርቷል፤ የ2018 አኮርድም ውስጡ አለ። ፓምፑ ከተበላሸ መኪናው መንገድ ላይ ሊጠፋብሽ ይችላል። የሻሲ ቁጥርሽን በብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (NHTSA) ገጽ ላይ አስገብተሽ እዪ፤ የቀድሞው ባለቤት ካላሠራው በነጻ ይሠሩልሻል። ካምቢዮሽ አውቶማቲክ ከሆነ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዘይቱ ኤች-ሲ-ኤፍ-2 ብቻ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል የሚባል ዘይት አይገባበትም። 92 ሺህ ላይ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለሽ አስቀይሪው።

ዘመዶችሽ ስላሉት ሽያጭ፦ ምርመራው ሳይሠራ አትሽጪ። ዘይቱ ብቻ ከሆነ ጥሩ መኪና በርካሽ ትሰጫለሽ፤ ጋርኒሽኑ ከሆነ ደግሞ ሳትናገሪ ብትሸጪው የሚገዛው እንዳንቺው ደሞዙን አጠራቅሞ የመጣ ሰው ነው። የሦስት ሳምንት የዘይት ፎቶ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀትና የብሎክ ቴስቱን ውጤት ላኪልኝ፤ ዋጋ ከጠየቅሽባቸው ጋራዦች የተሰጡሽንም ወረቀቶች ጨምሪበት፣ ከመፈረምሽ በፊት መስመር በመስመር አይልሻለሁ።