የፎርክሊፍት ባትሪ ሲነኩ ምን ይልበሱ?

ጥያቄ፦ መጋዘን ውስጥ ባለ 48 ቮልት የፎርክሊፍት ባትሪ ውሃ እንድሞላና ቻርጅ እንዳደርግ ተመድቤያለሁ። የተሰጠኝ የቆዳ ጓንት፣ የፀሐይ መነጽርና የጥጥ ቱታ ነው። ይበቃል? (አንባቢ ከቃሊቲ)

መልስ፦ አይበቃም። ከሦስቱ አንዱም ለአሲድ የተሠራ አይደለም። የባትሪዎ 24 ሴሎች (ፈሳሹ ያለባቸው ክፍሎች) ሙሉ ቻርጅ ሲሆኑ የያዙት ፈሳሽ በክብደት ከሲሶ በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቆዳ ይህን ፈሳሽ መጥጦ እጅዎ ላይ ያቆየዋል። ጥጥ ደግሞ ያዘናጋል፤ ጠብታው ሲያርፍበት ምንም አይታይም፣ ውሃው ሲተን ግን አሲዱ እየበረታ ይበላዋል፣ ቀዳዳው የሚወጣው ቱታው ሲታጠብ ነው።

አሠሪዎ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አልገዛም ካለ ከዓይን ይጀምር። የሚያስፈልገው ፊት ላይ ዙሪያውን የሚገጥም፣ የአየር ማስገቢያው ፈሳሽን በቀጥታ የማያሳልፍ የኬሚካል መነጽር ነው። የፊት መከለያ ከላዩ ይደረባል እንጂ አይተካውም፤ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ፍንጣሪው የሚመጣው ከአገጭ ሥር ነው።

ጓንቱ ወፍራም ናይትሪል፣ ኒዮፕሪን ወይም ፒቪሲ ሆኖ ወደ ክርን የሚጠጋ ይሁን። የሐኪም ስስ ጓንት አይሆንም። ከማጥለቅዎ በፊት አየር ያስገቡበትና አፉን ጠምዝዘው ይጫኑት፤ ከተነፈሰ ይጣል። ባትሪው ከታችዎ ስለሆነና እጅዎ ወደ ታች ስለሚያዘነብል የቱታው እጅጌ ከጓንቱ በላይ ይውረድ፤ አለዚያ በክንድዎ የሚወርደው ጠብታ ጓንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሱሪውም በጎማ ቦቲው ላይ ይውረድ እንጂ ውስጥ አይከተት። ሽርጡ የጎማ ወይም የፒቪሲ ሆኖ ከደረት እስከ ጉልበት በታች ይድረስ። ሲጨርሱ ጓንቱን እጅዎ ላይ እንዳለ በውሃ ያለቅልቁት፣ መነጽሩን መጨረሻ ላይ ያውልቁ።

ብዙው ፍንጣሪ ደግሞ የሚመጣው ከአሞላል ስህተት ነው። የተጣራ ውሃ የሚሞላው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ያብጣል፣ አረፋ ያወጣል፤ አስቀድመው ከሞሉት ገንፍሎ ይፈሳል። በሴሎቹ ውስጥ የተደረደሩትን ሳህኖች ከፈሳሹ በላይ ተጋልጠው ካገኟቸው ብቻ ከቻርጅ በፊት ሳህኖቹን እስኪሸፍን ጠብ ያድርጉበት።

ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያጥቡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። በደቂቃ 1.5 ሊትር ቢፈስ እንኳ ከ22 ሊትር በላይ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አትበቃም። ሶዳ ዓይን ውስጥ በፍጹም አይገባም። ሶዳ ለወለል ነው፦ ግማሽ ኪሎ ቤኪንግ ሶዳ በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠው አረፋው እስኪቆም ያፍሱበት። የባትሪውን ክዳን ሲያጥቡበት የሴሎቹ ቡሽ ይዘጋ።

ጥያቄ፦ የጋብቻ ቀለበቴ አልወልቅ ብሏል። በፕላስተር ብጠቀልለውስ? 48 ቮልት ደግሞ ሰው አይገድልም ይባላል።

መልስ፦ ደረቅ ቆዳን 48 ቮልት ብዙውን ጊዜ አይነዝርም፤ አደጋው ሌላ ነው። ቀለበቱና የያዙት የብሎን መፍቻ ቁልፍ በሁለት ፖሎች (በባትሪው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፎች) መካከል ሾርት ቢያደርጉ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ያልፋል፣ ብረቱም ጣትዎ ላይ እንዳለ ይግላል። ፕላስተር ይህን አያቆምም፣ የጎማ ጓንትም ቢሆን ይቀልጣል። በሳሙና አውልቁት፤ እምቢ ካለ ፖል የሚፈታውን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው። ሰዓትም ይውለቅ። የማተብ ክር ችግር የለበትም፤ የብረት መስቀል ካለበት ግን ጎንበስ ሲሉ እንዳይንጠለጠል ቱታው ውስጥ ይግባ፣ የብረት ሐብል ከሆነ ይውለቅ።

ቁልፎችዎ እጀታቸው በሙሉ በላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፤ ባትሪው ላይ መሣሪያ አያስቀምጡ። ሶኬቱን የሚነቅሉት ቻርጀሩን ካጠፉ በኋላ ነው፤ ቻርጅ ላይ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች፣ ያኔ የሚረጨው አሲዱ ከነፕላስቲክ ስብርባሪው ነው። በርና መስኮት ይከፈት፣ ሲጋራ ይራቅ።